«ተመዝግበዋል» የሚለው ፎርም

ሰኞ፣ ኅዳር 8፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

አሁንም ያው። ፎርሙ «እናመሰግናለን፣ ተመዝግበዋል» ይላል። ዳታቤዙ ውስጥ፣ ማለት መዝገቡ ውስጥ፣ ፎርሙን የሞላው ሰው የለም። ገጹን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። ሻይ ጠጣሁ። ያው።

ደብተር፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር። እዚህ ሶማሌ አገር፣ ቢሯችን ውስጥ አማርኛ የሚያነብ አለቃዬ ብቻ ነው፤ ከእሱ ጋር እንዳትተዋወቁ ነው መሳቢያ ውስጥ የምቆልፍብህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይን ሐኪሞች ከውጭ ይመጣሉ። ቅዳሜ ይጀምራሉ። አቅም ለሌለው ሁሉ፣ አገሬው ይሁን ስደተኛው፣ የዓይን ሞራ በነፃ ይገፍፋሉ። መመዝገቢያውን የሠራነው እኛ ነን። እኛ ማለት እኔ። ሰው በስልኩ ሊንኩን ይከፍታል። ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ስልክ ቁጥር (ስ.ቁ.) ይሞላል። «ላክ» የምትለዋን ይጫናል። ስሙ ዳታቤዝ ይገባል። ከዚያ የሚወጣው ዝርዝር ክሊኒኩ በር ላይ ይነበባል። ዝርዝሩ ላይ የሌለ አይገባም። ገጹ በሶማሊኛም በአማርኛም አለ። የአማርኛውን ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ለወገኔ ውለታ ዋልኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ነርስ ሂቦ ደወለች። የክሊኒኩ ዝርዝር በእሷ እጅ ነው። ሐበሾች እየመጡ ተመዝግበናል ይሏታል፣ ስማቸው የለም። በሶማሊኛው በኩል ብዙም አልጎደለም። «የእናንተ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። የእናንተ ሰዎች። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። አብዲሳላም ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከእኔ አማርኛ ይጣፍጣል። «አቦ ኔትወርክ ነው፣ ተወው!» አለ። ይህች ኔትወርክ የምትባል ፍጥረት የስንታችንን ኃጢአት ተሸክማለች። በደስታ ተቀበልኩት።

9 ሰዓት

ቴስት ሳደርግ ዋልኩ። የፈጠራ ሰዎች አስገባሁ። እንትና፣ እገሌ፣ እገሊት። ስ.ቁ. ላይ የመጨረሻዋን አኃዝ እየቀያየርኩ ላክ፣ ላክ፣ ላክ። ሁሉም ገቡ። እንትናም ገባ፣ እገሊትም ገባች። ፎርሙ ጤነኛ ነው። ለሂቦ ጻፍኩላት፦ ተጠቃሚዎቹ ገጹ ሳይጨርስ ስለሚዘጉት ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግምትም እውነት ይመስላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ጠዋት

ሚስኮል። «ሰናይት አያሃ» ይላል። መልሼ ስደውል ሰናይት አይደለችም፣ እትዬ ብርቄ ናት።

እትዬ ብርቄን አታውቃትም፤ እኔ ያወቅኳት አንተን ሳልገዛ ነው። ከደሴ በኮምፒውተር ዲፕሎማ ድንበር ተሻግሬ መጥቼ አያሃ የሚባለው ሰፈር ሲሚንቶ ሳቦካ የኖርኩት እነሱ ግቢ ነው። በቆርቆሮ የተሠሩ ክፍሎች፣ አንድ የጋራ ውኃ በርሚል። ሁለት ዓመት። በትኩሳት ስንቀጠቀጥ አጥሚት ያጠጣችኝ እሷ ናት። ደሬ ትለኛለች። አየር ማረፊያው አጠገብ አንድ ቤት ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። ቀኝ ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆየ። ግራውም ጀምሯል። በቀደም ካውያውን ጣቷ ላይ አሳረፈችው። የቤቱ እመቤት ለማያይ ሰው ካውያ አልሰጥም ብላለች። ወሩ ሳያልቅ ካልታከመች ሌላ ሰው ታስገባለች። በእሷ ዕድሜ ሌላ ቤት ማን ይቀጥራታል?

የግቢያቸው ሰናይት ሞልታላታለች፣ «ተመዝግበዋል» ብሏታል፣ ብቻ ለማረጋገጥ ነው፤ ስሜ አለ ወይ? ፈለግኩ። የለም። እንደገና ይሞከር፣ ቀስ ተብሎ፣ እናመሰግናለን እስኪል ይጠበቅ አልኳት። ብሎናል እኮ አለች። እንግዲህ ሌላ ነገር ነክታችሁ ይሆናል አልኩ። እንዴት ባለ የዶክተር ድምፅ እንደተናገርኩ ብትሰማኝ ኖሮ! እጇ ይሆናል አለች፤ «ላክ» የምትለዋን ለበረከቱ ብዬ እኔው ነኝ የጫንኩት፣ ይህ የካውያ እጄ ነው ያበላሸው አለች። ይሆናል አልኳት።

ይሆናል!

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፤ ምሳ ሰዓት

ሂቦ እንደገና ደወለች። ስሞች አሁንም እየጎደሉ ነው። ጠዋቱን ሙሉ ያልፈተሽኩት የለም። የሰርቨሩ ቦታ አልሞላም። የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። የፎርሙና የዳታቤዙ መስመሮች ስማቸው ይገጥማል። በመጨረሻ ሎጉን ለማየት ሄድኩ። ሎግ ማለት ሲስተሙ ስህተቱን ለራሱ የሚጽፍበት ቦታ ነው፤ እንደ አንተ ያለ፣ የሱ ደብተር። ባዶ ነው። አንዲት ቃል የለችም።

ለምን ባዶ ሆነ? እኔ ስለዘጋሁት።

ይኼንን ለማንም አልተናገርኩም። ሥራውን ለእንግዶች ባሳየንበት ቀን፣ ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳው ሙሉ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ወጣብኝ። ከፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ሳቀ። አብዲሳላም ጫማውን ያይ ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! ያን ዕለት ማታውኑ ፎርሙን አስተካከልኩት። ማስተካከል አልከው? ዳታቤዙ ተቀበለም አልተቀበለ «እናመሰግናለን፣ ተመዝግበዋል» እንዲል አደረግኩ። ስህተት ቢመጣ ዋጥ፣ ጸጥ፤ ሎጉም እንዳይጽፍ። ቆይቼ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። የሚመለስበት ማን ነው? ቀይ ጽሑፍ ከጠፋ ሥራ አለቀ።

ሎጉን አሁን ከፈትኩት። ስሙን አላስጻፍኩም፣ የታማሚ ስም በየቦታው እንዳይበተን። ስ.ቁ. እና የስህተቱ ምክንያት ብቻ ይጽፋል። ጠብቄ ልይ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፤ 5 ሰዓት

ተገኘ! ደብተር፣ እንኳን ደስ ያለህ! እኔ አላጠፋሁም!

ሎጉ ጠዋት ሞልቶ አገኘሁት። ምክንያቱ ሁሉም ላይ አንድ ነው፦ ይህ ስ.ቁ. ቀድሞ ተመዝግቧል። ይህ እኮ የራሴ ሕግ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሂቦ፣ ሰው ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመዘገበ ዝርዝሩን አጨናነቀ ብላ ስታማርር፣ አንድ ሰው አንድ ስልክ አልኩና ዳታቤዙን አዘዝኩት፤ የገባ ቁጥር ተመልሶ ቢመጣ አትቀበል። አብዲሳላም አጨብጭቦልኝ ነበር። እነሆ ሕጉ ሥራውን እየሠራ ነው። ሰዎቹ እየደጋገሙ ነው! አንዱማ ያው ቁጥር፣ ያው ቁጥር፣ ሎጉን ወርሶታል። ስግብግብ ብዬ ስም አወጣሁለት። ለአብዲሳላም አሳየሁት። «ወላሂ ይኼ ሰውዬ ስንት ዓይን ነው ያለው?» አለ። እንባችን እስኪወጣ ሳቅን።

ለሂቦ ጻፍኩ፦ ችግሩ የድግግሞሽ ነው፣ ሲስተሙ በትክክል ይሠራል።

ምሳዬን በሰላም በላሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፤ ከሰዓት

እዚህ የሥራ ዕረፍቱ ዓርብ ነው እንጂ እሑድ አይደለም። ኅዳር ሚካኤል። ሰናይት ጠዋት ደውላ ነበር። ግቢው ውስጥ ዝክር አለ፣ እትዬ ብርቄ ያለ ደሬ ዳቦው አይቆረስም ብላለች አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኩ። ምን ሥራ አለብኝ? ልብሴን አጥቤ ተኝቼ ነው የዋልኩት።

ለምን አልሄድኩም? እውነቱን? ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ሽንት ቤት ያለው ክፍል ከተከራየሁ ጀምሮ አያሃ መሄድ ይከብደኛል። ኢንጂነሩ መጣ ይላሉ። ይኼን ጻፍልን፣ ያንን ጠይቅልን። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሶማሊኛዬ እየጠራ ነው፤ አንዳንዱ ከየት እንደመጣሁ አይጠይቀኝም፣ እኔም አልነግረውም። እና እዚያ ሄጄ ጫማዬ አቧራ ሲጠጣ . . . ተወው። አስጠላሁህ? እኔም ራሴን አስጠልቼዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፤ 11 ሰዓት

መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። እጄን አስገድጄው ነው።

ክሊኒኩ ተጀመረ። ቢሮው ወክሎ ላከኝ፤ በሩ ላይ ከጥበቃው ጎን ጠረጴዛ ተሰጠኝ፣ ላፕቶፕ ይዤ ስም እፈልጋለሁ። ያለውን ግባ፣ የሌለውን ተመለስ። አንገቴ ላይ ባጅ አለ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ። ሽማግሌዎች በልጅ ልጆቻቸው ተመርተው። የእኛዎቹ ሴቶች ለብቻቸው ሰብሰብ ብለው፣ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው።

እትዬ ብርቄ መጣች። ከእመቤቷ ፈቃድ ጠይቃ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ። እኔን ስታይ፣ ማለት ድምፄን ስትሰማ፣ ፊቷ በራ። ለጎረቤቷ ለወይንሸት ይኸው ልጄ ነው በሩን የያዘው አለቻት። ፈለግኩ። ብ። ብርቄ። የለም። ከኋላዋ ያሉት እየገፉ ነው። ጥበቃው ቶሎ በል ይለኛል፣ በሶማሊኛ። ደብተር፣ ያልኩትን እንዳለ ልጻፍልህ፤ አላሳምረውም። «እትዬ፣ በደንብ ጫኑት ብዬሽ አልነበር? እኔ ምን ላድርግሽ?» አልኳት። ጮክ ብዬ። ሌሎቹም እንዲሰሙ። ወይንሸትንም የለሽም አልኳት። ከእነሱም በኋላ ያሉትን፣ አንድ በአንድ፣ የለሽም፣ የለሽም፣ የለህም።

እትዬ ብርቄ አልተቆጣችም። ጠጋ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማ፣ «ልጄ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩህ፤ ይቅር በለኝ» አለችኝ።

ችግር የለም አልኳት።

ይቅርታዋን ተቀበልኩ። ችግር የለም ብዬ። ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 14፤ 10 ሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ

አያሃ ሄጄ ነበር። እየተመለስኩ ነው። መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ ፊደሌን ይቅር በለው።

ጠዋት ቢሮ መቀመጥ አልቻልኩም። በገዛ እጄ ልመዝግባት፣ ቢያንስ የትኛውን እንደምትነካ ልይ ብዬ ተነሳሁ። ነገ ጾም ይገባል፤ ግቢው የቅበላ ሥጋ ሸቷል። ደሬ መጣ ተብሎ በርጩማ ተጠርጎ ቀረበልኝ። እትዬ ብርቄ ስለትናንቱ አንዲት ቃል አላነሳችም። እንዲያውም ከሚካኤል ዳቦ ቁራጭ አስቀምጣልኛለች።

ስልክ አምጪ አልኳት። ወይንሸት ጋ ነው አለች። ወይንሸት ከጓዳ ሆና እናቴ ጋ ልደውል ነበር፣ ቆይ ልጨርስ አለች። ቀጥላ ሌላዋ፣ ከወይንሸት በኋላ ተራው የእኔ ነው አለች። አሁንም አልገባኝም። ደደብ! ስልኩ መጣ፣ ፎርሙን ከፈትኩ፣ የእትዬ ብርቄን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩ፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ አያሃ። ቁጥርሽን ንገሪኝ አልኩ። ከየክፍሉ፣ ከልብስ ማጠቢያው፣ ከምድጃው፣ ሁሉም ሴቶች ባንድ ድምፅ ቁጥሩን አነበነቡልኝ። እንደ ትምህርት ቤት ልጆች። ስቀው።

ላክ። እናመሰግናለን፣ ተመዝግበዋል። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ዳታቤዝ፦ የለችም። ሎግ፦ ይህ ስ.ቁ. ቀድሞ ተመዝግቧል።

ስግብግቡ ነው። ያው ቁጥር። ሐሙስ ዕለት ሆዴን ይዤ የሳቅኩበት።

ሲም ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል። በግቢው ወረቀት ያላት ሰናይት ብቻ ናት። ስልኩ የሰናይት ነው፣ የሁሉም ነው። እኔ ስኖርም እንዲሁ ነበር! ጠዋት የምንጠያየቀው እንደምን አደርሽ ሳይሆን ስልኩ ማን ጋ ነው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለየፎርማኑ የሰጠሁት ቁጥር ይኸው ነው፤ በቃሌ እወጣው ነበር። የእናቴ ሞት የተነገረኝም በዚሁ ነው። ሎጉ ላይ ሳየው ግን አላወቅኩትም። አሁን ስልኬ ላይ ስም ሆኗላ፤ ስም ይነካል፣ ይደውላል። ቁጥሩን ማን ያያል?

ሰናይት ቀድማ ተመዝግባለች። ከአቧራ በቀር ዓይኗን የሚያማት ነገር የለም፤ ለምርመራ ብላ ነው። ከእሷ ቀጥሎ የሞላ ሁሉ ተተፍቷል። በሌላውም ግቢ እንዲሁ ነው። አንድ ሰው አንድ ስልክ ያልኩት ማንን አይቼ ነው? ራሴን። የዛሬውን ራሴን።

ሴቶቹ ከበውኛል። ደሬ ምንድን ነው የተበላሸው አሉኝ። አፌ ተከፈተና ኔትወርክ ነው አልኩ። እትዬ ብርቄ ኔትወርኩን ረገመችልኝ።

ቁራጩንም በላሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15፤ 8 ሰዓት

ጾም ገባ። እኔ ከትናንቱ ቁራጭ ወዲህ እህል አልቀመስኩም፤ ለጽድቅ አይደለም።

ሕጉን አነሳሁት። ፎርሙም ከእንግዲህ ዳታቤዙ ገባ ካላለው በቀር እናመሰግናለን አይልም። ሻይ ቀርቦልኝ ነበር፤ ማስተካከሉን ጨርሼ ሳነሳው ገና አልቀዘቀዘም። ይህን ያህል ነበር ሥራው።

የተተፉትን መመለስ ግን አይቻልም። ስማቸው የትም የለም። ሎጉ ቁጥር እንጂ ስም አልያዘም፤ ከረቡዕ በፊት ደግሞ ቁጥርም የለም። አመስግኜ አሰናበትኳቸው፣ በቃ።

ለአብዲሳላም ሁሉንም ነገርኩት። ቀዩን ጽሑፍ ከመዋጤ ጀምሮ። መጀመሪያ አላመነኝም፣ ቀጥሎ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለደመወዝ ሲቸገር የራሱን መኪና ሸጦ የከፈለን ሰው ነው። አሁን ሌላ ትልቅ ሥራ ሊፈርም ነው፣ ያው ክሊኒኩን ካመጡት ሰዎች። «አቦ ደሬ፣ አስተካክለኸዋል አይደል? ኔትወርክ ነበር በልና ዝጋው። አላህ ይሸፍናል፣ አንተ ለምን ትገልጠዋለህ?» አለ። ይህ ቢሮ ስምንት ቤተሰብ ያስተዳድራል አለ። የሥራ ፈቃዴ በማን ስም እንደሆነ አላስታወሰኝም። ማስታወስ አያስፈልገውም።

ሂቦ ጋ ደወልኩ። ስንት ቀን ቀራቸው ብዬ ብቻ። ሐኪሞቹ ረቡዕ ማታ ይበራሉ። ዝርዝሩ ተዘግቷል። ያልመጡ ሰዎች ቦታ አለ፣ ግን ያንን ለሌላ ለመስጠት ስሞቹ ለምን እንደጎደሉ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው በጽሑፍ ያስረዳኝ አለች። ያለዚያ በር ላይ የቆመ ሁሉ ተመዝግቤ ነበር ሊል ነው። ትክክል ናት። እሺ እደውላለሁ አልኩ።

እስካሁን አልደወልኩም። ስልኩን አየዋለሁ። አስቀምጠዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፤ ጠዋት 2 ሰዓት

ቢሮ አልገባሁም። በአማርኛው ገጽ ገብተው ወደተረፉት ቁጥሮች ከማለዳ ጀምሮ ደወልኩ፤ በዚህ ስልክ ሌላ ማን ተመዘገበ ልል። አብዛኛው አያነሳም። የማያውቁትን ቁጥር ሰው ፖሊስ ነው ወይ አበዳሪ ይለዋል። ያነሱትም፣ ስልኩ ዛሬ እኔ ጋ ነው፣ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው፣ ማታ ደውል። ማታ ምን ያደርግልኛል? ሰፈራቸው ግን ተጽፏል። የሚበዙት አያሃና ማሕሙድ ሃይቤ። በእግር እንጂ በሌላ አይሆንም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቤት አለብኝ።

6 ሰዓት፣ እትዬ ብርቄ ክፍል ደጃፍ

ነገርኳት።

ዛሬ ሥራ የላትም፣ እመቤቷ አርፈሽ ዋይ ብላታለች፤ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቆሜ ነው የነገርኳት፣ መቀመጥ አላስቻለኝም። ኔትወርክ አይደለም አልኩ። እጅሽም አይደለም። በትክክል ነው የጫንሽው፣ ሁለቴም። እኔ ነኝ ስልክ የተጋራ እንዳይገባ የከለከልኩት፣ እኔው ነኝ ደግሞ ገብታችኋል ብዬ የዋሸኋችሁ። ቅዳሜ በሰው ፊት የጮህኩብሽም በራሴ ጥፋት ነው።

የተቃጠለች ጣቷን በሌላው እጇ ያዘች። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ምናለ!

«እኔ እኮ ዓይኔን ትቼ ይሄን እጄን ነበር ስረግም የሰነበትኩት» አለች።

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

ቆይታ፣ ወይንሸትም እንዲሁ ናት አለችኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ መሃይም በመሆኔ ነው እያለች ለሰው አልናገር ብላለች። ስንት ሰው ነው እንዲህ ያለው አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ስማቸውን አላውቅም።

ስልኬን አወጣሁና እዚያው ፊቷ ለሂቦ ጻፍኩ። በሶማሊኛ፣ ሳላሳምር። ምን እንዳጠፋሁ፣ ለምን እንደደበቅኩ። በቢሮው ስም ሳይሆን በራሴ ሙሉ ስም፣ እስከ አያቴ። ለአብዲሳላምም ላክሁለት፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው።

7 ሰዓት ተኩል

ሂቦ መለሰች። ረጅም ነው፣ ግማሹ ቁጣ ነው፣ ይገባኛል። ነገ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ያመጣኸውን ሰው ሁሉ አሳያለሁ፤ ሁሉም ይገፈፍለታል ብለህ ግን ለማንም ቃል አትግባ ብላለች። ቦታው ውስን ነው፣ ሐኪሙ ከሁሉ የባሰበትን ይመርጣል።

አብዲሳላምም መለሰ። አንዲት መስመር። የቢሮውን ቁልፍ ለጥበቃው ተውለት ይላል። «አቦ» እንኳ የለበትም። አብረን የሳቅንበት ጠረጴዛ ትዝ አለኝ። የሥራ ፈቃዱ ከሌለኝ በዚህ ከተማ ምን እንደምሆን አላውቅም። ሲሚንቶ ማቡካት እጄ አልረሳውም ይሆናል።

ይሄን ሁሉ ለእትዬ ብርቄ አነበብኩላት። ቃል አትግባ የሚለውን ሁለቴ አስደገመችኝ። አንቺ እረፊ፣ ነገ ንጋት ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ የተተፉትን ፍለጋ ግቢዎቹን ብቻዬን እዞራለሁ አልኳት። ቅዳሜ በር ላይ የለሽም ብለህ የመለስከው ሰው ለአንተ በር የሚከፍት መሰለህ እንዴ አለችኝ። እውነቷን ነው። እንደ ኢንጂነር ሆኜ ሄጄ እንደ ኢንጂነር ልናገር አስቤ ነበር፤ ይኸው አሁንም።

ሻሿን እያሰረች ነው። ወይንሸትን ተነሺ እያለቻት ነው። ጸሐዩ ይመታሻል፣ ድንጋዩን አታይውም አልኳት፣ አልሰማችኝም።

«አንኳኪዋ እኔ ነኝ» አለች። «ተናጋሪው አንተ።»

እሺ አልኳት።